ዋሽንቱን ወደ ግራ ማሳለፍ

የበደለ ሰው ታሪኩን ሲጽፍ ራሱን ማሳመሩ አይቀርም። እኔም ሞክሬዋለሁ። ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለት ጊዜ ቀድጄዋለሁ፤ በሁለቱም ላይ ጥፋቱ የሽማግሌዎቹ፣ የእንግዶቹ፣ የባህሉ ሆኖ እኔ አስተርጓሚ ብቻ ነበርሁ። አሁን እንደሆነው ልናገር።

የምሠራው አርባ ምንጭ ውስጥ በአንድ የባህል ማዕከል ነው። ተወልጄ ያደግሁት እዚያው ሲቀላ ሰፈር፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ነው፤ ወላጆቼ ግን ለመምህርነት ከሰሜን የመጡ ናቸው። ጋሞኛ እናገራለሁ፤ ስናገር ዜና የማነብ ይመስላል እያሉ ይስቁብኛል። እንግሊዝኛም ስለምችል የውጭ ሰው በመጣ ቁጥር የምጠራው እኔ ነኝ።

ከኖርዌይ ሦስት ሙዚቀኞች ሲመጡም የተጠራሁት እኔው ነኝ። ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ። የሚጫወቱት የገበሬ አያቶቻቸውን የጭፈራ ዜማ ነው፤ እንደ ቅርስ አቧራውን እያራገፉ ሳይሆን፣ ትናንት እንደተሠራ አድርገው እየቀየሩና እየጨመሩበት። አለቃ የለንም ይላሉ፤ ሁልጊዜ የምትናገረው ግን አንዲት ሽበታም ቫዮሊን ተጫዋች ነበረች። ቫዮሊኗ ይገርማል። ከላይ በደጋን የሚገዘገዙ አራት ክሮች አሉት፤ ከእነሱ ስር ደግሞ ማንም የማይነካቸው ሌሎች ክሮች ተወጥረዋል። የላይኞቹ ሲጮሁ የታችኞቹ በራሳቸው ይንቀጠቀጣሉ። «ድምፁን የሚያሳምሩት እነሱ ናቸው» ስትል ተረጎምሁ። ከተጫዋቾቻችን አንዱ በጣቱ ሊነካቸው ሞከረና ሁሉም ሳቁ።

ያሰቡት የእኛን የቀርከሃ ዋሽንት ከቫዮሊናቸው ጋር አዋህደው በአገራቸው በበጋ ወር በሚደረግ ፌስቲቫል ላይ ለማቅረብ ነበር። አንድ የማይደራደሩበት ሕግ ነበራቸው፤ መድረክ ላይ ከሚቆመው ግማሹ ሴት መሆን አለበት። በእነሱም አገር ቫዮሊን ለረጅም ዘመን የወንድ ዕቃ ሆኖ ኖሯል። ዛሬ ግን እኩል ሴት የማይታይበት የባህል ሙዚቃ መድረክ ያሳፍረናል አሉን። ስለዚህ ከእኛ አሥር ተጫዋች ይሄዳል፣ አምስቱ ሴት።

ዋሽንት ስል ቀዳዳ ቀዳዳ ያለውን እንዳታስቡ። የጋሞ ደገኞች የሚነፉት አንድ ድምፅ ብቻ ያለው የቀርከሃ ቁራጭ ነው፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር። አንድ ሰው ብቻውን ምንም ሊጫወት አይችልም። ሁሉም ተራውን ጠብቆ የራሱን ድምፅ ሲጥል ነው ዜማ የሚሆነው፤ አንዱ ከቀረ ዜማው ጥርሱ የወለቀ አፍ ይመስላል። ቫዮሊን ተጫዋቿ ይህን ስትሰማ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «እኩልነት ማለት ይኸው ነው» አለች። ለዚህ የተመረጠው ቡድን ደጋው ላይ፣ ከጨንቻ ከተማ በላይ ካለ መንደር የመጣ ነው። መሪው ረጅሙን ዋሽንት የሚነፉ፣ ሸማኔም ገበሬም የሆኑ፣ ረጋ ያሉ ግዙፍ ሽማግሌ ነበሩ። ሁሉም ወንዶች ናቸው። ስለ ሕጉ ስነግራቸው ተሳሳቁ፤ ግን አገር ማየት ነውና ሚስት፣ ልጅ፣ ምራት ተብሎ አራት ሴት ተገኘ። አምስተኛዋ ጠፋች።

እኔ አገኘኋት። ሲቀላ ገበያ፣ ሸክላ በሚሸጥበት ጥግ፣ ማሰሮዎቿን ደርድራ ገዢ እስኪመጣ አጭር የቀርከሃ ቁራጭ ትነፋ ነበር። የሌሎቹን ተራ በእግሯ መሬት እየመታች ትቆጥራለች፣ የራሷ ሲደርስ ትነፋለች። የሌሉ ዘጠኝ ሰዎች አብረዋት የሚጫወቱ ይመስል ነበር። ዕድሜዋ ሃያ ሁለት ሃያ ሦስት ቢሆን ነው። ስለ ቡድኑና ስለ ጉዞው ስነግራት ፊቷ በራ፤ ወዲያው ደግሞ አቀረቀረች።

«እትዬ፣ እኔ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝ እኮ። እነሱ እሺ አይሉም።»

«ያ ድሮ ቀረ» አልኋት።

ቀረ የሚለው ሁሉም ሰው ነው። ስብሰባ ላይ ቀርቷል ይባላል፤ ሕጉም ይከለክላል። ደጋ ላይ በብዙ ቦታ ግን ሸክላ ሠሪ የሚያርሰው መሬት የለውም፣ የገበሬ ቤት አይገባም፣ ከገበሬ ጋር በአንድ ዕቃ አይበላም አይጠጣም፣ መቃብሩም ለብቻው ነው። ያንን የጣሰ «ጎሜ» ሠራ ይባላል። ጎሜ የሠራውን ሰው ብቻ አይደለም የሚነካ፤ ከብቱን፣ ልጁን፣ ዝናቡን ያበላሻል ተብሎ ይፈራል። በእናቷ ድስት ጎመን ቀቅለው የሚበሉ ሰዎች እሷ ደጃፋቸውን እንድትረግጥ አይፈልጉም።

እኛም ብንሆን የተሻልን አልነበርንም። መምህርት እናቴ ከሸክላ ሻጮች የምትገዛው ከአጥር ውጭ ቆማ ነበር፤ እኔንና ወንድሜን ዓይናቸው እንዳያርፍብን ጓዳ ታስገባናለች። ማሰሮው መሬት ላይ ይቀመጣል፣ ሴትየዋ ወደ ኋላ ትላለች፣ እናቴ ታነሳዋለች። በማግስቱ ክፍል ገብታ የሰው ልጅ ሁሉ እኩል ነው እያለች ሰሌዳ ላይ ትጽፋለች። እኔ የዚያች ሴት ልጅ ነኝ። ሁሉንም አውቅ ነበር። የጎደለችኝ አንድ ሴት ናትና ለቡድኑ «ከወዲያኛው ቀበሌ ናት» ብቻ ብዬ አስገባኋት።

ልምምዱ በማዕከሉ ግቢ፣ ማንጎው ስር ነበር። ለእሷ ከሁሉም አጭሩንና ቀጭኑን ዋሽንት ሰጧት። በሁለተኛው ቀን ሁሉም እሷን እያየ ነበር የሚነፋው። አንድ ጊዜ እንኳ አልሳተችም። ሽማግሌው ዋሽንታቸውን ከአፋቸው አውርደው «ልጄ፣ ማነው ያስተማረሽ?» ሲሏት «አባቴ» አለች፤ የማን ልጅ ነሽ ከማለታቸው በፊት እኔ ገብቼ ወሬውን አስቀየርሁ። ከዚያ በኋላ ስሟን ትተው ልጄ ነው የሚሏት። ቫዮሊን ተጫዋቿም ለእሷ ድምፅ ብላ አንዱን ዜማ አሻሽላ ሠራችው።

ምሳ ሰዓት ከበቆሎና ከሽፈራው ቅጠል የሚሠራው ኩርኩፋ በአንድ ትሪ ሲቀርብ ልጅቷ ትነሳለች። ጾም ነኝ ትላለች። ጾም በሌለበት ወር፣ በየቀኑ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ። ሴቶቹ «ይቺ ልጅ ልትመንኩስ ነው» እያሉ ቀለዱባት። ለምን እንደማትበላ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርሁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

አንድ ቀን ቫዮሊን ተጫዋቿ ስለ ዜማዎቻቸው አመጣጥ ነገረችን። ከምንጫወታቸው ምርጥ ምርጦቹ የተገኙት ከመንደር መንደር ይዞሩ ከነበሩ ቤት የለሽ ሙዚቀኞች ነው አለች። ሰው ይጸየፋቸው ነበር። ሰርግ ላይ ይጠራሉ፣ ሕዝቡ እግሩ እስኪዝል በእነሱ ዜማ ይጨፍራል፣ ምግባቸውን ግን በር ላይ ይበላሉ፣ የሚያድሩትም ከከብት ጋር ነው። ዛሬ ከእነሱ ወሰድነው ብለን፣ ስማቸውን ጠርተን ነው የምንጫወተው አለች። አንዲት ቃል ሳላስቀር ተረጎምሁ። ልጅቷ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ እንግዳዋን አየቻት። ለእረፍት ስንነሳ ክንዴን ያዝ አድርጋ «አሁንስ? አሁን ቤት ይገባሉ?» አለችኝ።

እንግዳዋን መጠየቅ እችል ነበር። አምስት እርምጃ ላይ ቆማ ውኃ ትጠጣለች። «አዎ፣ ይገባሉ» አልኋት ከራሴ አውጥቼ። ደስ አላት።

እንግዶቹ አንድ የሚወዱት ልምምድ ነበራቸው። ክብ ሠርተው ይቆማሉ፤ እያንዳንዱ የያዘውን ወደ ግራ ያሳልፋል፤ ማንም የኔ ብቻ የሚለው ድምፅ አይኖረውም፣ ሁሉም የሌላውን ቦታ ያውቀዋል። እነሱ ቫዮሊኖቻቸውን ተቀያየሩና እኛንም እንዲሁ አድርጉ አሉን። ለእነሱ ቀላል ነው፤ ቫዮሊን በእጅ ነው የሚያዝ። የእኛ ግን በከንፈር ነው።

ሌሎቹ ዋሽንቱን በልብሳቸው ጠረግ እያደረጉ፣ እየሳቁ አሳለፉ። ልጅቷ የእሷን ከኋላዋ ደበቀች። በስተግራዋ የቆሙት ሽማግሌው ናቸው።

«ምነው ልጄ? ስጪኝ እንጂ» አሉ እጃቸውን ዘርግተው።

«አይሆንም አባባ። የኔ ይሰነጠቃል» አለች።

ቫዮሊን ተጫዋቿ ምን ሆና ነው ብላ ጠየቀችኝ። ሁሉም ዞረው አዩን። አሟታል ማለት ይቻል ነበር፣ ለዛሬ ይብቃን ማለት ይቻል ነበር። እኔ ግን አፈርሁ። ያፈርሁት በፈረንጆቹ ፊት ኋላ ቀር መስለን መታየታችን ነው። ጠጋ ብዬ በጆሮዋ «ስጪያቸው፣ እኔ አለሁልሽ» አልኋት። ቆይታ ቆይታ አየችኝ። ከዚያ ሰጠቻቸው። ሽማግሌው ትንሿን ዋሽንት ከንፈራቸው ላይ አድርገው ነፉ። ያ ቀጭን ድምፅ ከዚያ ግዙፍ ሰው ሲወጣ ግቢው በሳቅ ተሞላ። እሷ መሬት መሬቱን ታያለች።

በሦስተኛው ቀን የሽማግሌው ከንፈር ቆሰለ። ምች ነው። ደገኛ ሰው በአርባ ምንጭ ሙቀት ሦስት ሳምንት ከርሞ ምች ቢመታው ምን ይገርማል? ዳማከሴ ቆርጬ አመጣሁላቸው። በዚያው ሰሞን ግን ከደጋ ተደወለላቸው፤ ላማቸው አስወርዳለች። በዚህ ላይ ልምምድ በሌለበት ቀን ከሴቶቹ አንዷ ለገበያ ጨንቻ ወጥታ ስትመለስ፣ ልጅቷን ከእናቷ ጎን ሸክላ ስትደረድር አይታት መጣች። ሦስቱ ወሬ አንድ ላይ ገጠመ። በማግስቱ ልምምድ ላይ አጠገቧ የቆመ ሰው የለም። ሽማግሌው ዋሽንታቸውን በጋቢያቸው ጠቅልለው «ነገሩ አገር ቤት ይታያል» ብለው ወጡ። ልጄ የሚሏትን ልጅ ዞር ብለው አላዩአትም።

ከሰዓት በኋላ ቢሮዬ መጣች። አልተቀመጠችም።

«እትዬ፣ ይናገሩልኛል አይደል? እኔ አልሰጥም ብዬ ነበር።»

«እናገራለሁ» አልኋት። የዚያን ሰዓት የምናገር መስሎኝ ነበር።

ነገር የሚታየው ዱቡሻ ላይ ነው። ዱቡሻ ድንጋይ በክብ የተደረደረበት፣ ሣሩ የማይታረስ የመንደሩ መሰብሰቢያ ሜዳ ነው፤ ጥፋት የሚሰማውም የተጣላ የሚታረቀውም እዚያ ነው። የፈለገ ተነስቶ ይናገራል፣ እስኪጨርስ ይሰሙታል፣ ሁሉም ካልተስማማ አይበተኑም። እንግዶቹ ይህን ሲሰሙ ካሜራቸውን ይዘው ተከተሉን። ወደ ደጋው ጠመዝማዛውን ስንወጣ ቫዮሊን ተጫዋቿ «ከእኛ ፓርላማ ይሻላል» ትላለች። የሚታየው ነገር ምን እንደሆነ አልነገርኋትም፤ ስለ ጉዞው ሊመካከሩ ነው ብዬ አለፍሁት።

ሸክላ ሠሪ ዱቡሻ አይገባም። ልጅቷና እናቷ ከድንጋዩ ውጭ፣ እንሰቱ ጥግ ቆሙ። እናትየዋ ስትመለስ የሸክላ አፈር ልትጭንበት ባዶ እንቅብ ይዛለች። ሽማግሌው ተነሱ። ከንፈራቸው ላይ ቅርፊቱ ገና አልወደቀም። ለሰዉ በጋሞኛ ሲናገሩ ቆይተው፣ እኔ በደንብ እንድሰማ ብለው ወንድና ሴት ወደሚያምታታው አማርኛቸው ዞሩ።

«ያን ልጅ አንቺ ነሽ ያመጣሽው። የማን ልጅ እንደሆነ አውቀሻል? ዋሽንቱን ስጥ ብለሽ ያዘዝሽው አንቺ ነሽ ወይ?»

አልጮኹም። እንዲያውም አዎ እንድል የሚፈልጉ ይመስሉ ነበር። አዎ ብል ጥፋቱ የእኔ ይሆናል። ጎሜውን ለማንጻት የሚታረደው በግ ከእኔ ይጠየቃል፤ ልጅቷ ታዝዛ ነው ተብላ ጥፋት አይቆጠርባትም። ቡድኑ ግን ሁለተኛ ከእኔ ጋር አይሠራም፣ ጉዞው ይቀራል፣ እንግዶቹም ምን ስሠራ እንደከረምሁ ያውቃሉ። አላውቅም ብል ማንነቷን ደብቃ ሽማግሌ አረከሰች ይባላል። ከእንሰቱ ስር አየችኝ። አማርኛውን ሰምታለች፤ የቀራት መልሴ ነው።

«አላወቅሁም» አልሁ። ይህ አልበቃኝም። «አታለለችኝ» ብዬ ጨመርሁበት።

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው። ሽማግሌው አዩኝና ተቀመጡ። እንዳላመኑኝ አውቃለሁ። ከዚያ ሌላው ተነሳ፣ ሌላው ተነሳ፣ ማንም የማንንም ቃል ሳያቋርጥ ተስማሙ። ልጅቷ ከቡድኑ ትውጣ፣ የነፋችበት ዋሽንት ይሰበር። አንድ ባለመሬት ደግሞ ከእርሻዬ ግርጌ አፈር እንዳይቆፍሩ አለ፤ በዚያ ሰፈር ለሸክላ የሚሆን አፈር ያለው እሱ ጋ ብቻ ነው። በዚህም ተስማሙ። እናትየዋ አላለቀሰችም። ባዶውን እንቅብ ራሷ ላይ አድርጋ ቁልቁለቱን ወረደች፣ ልጅቷ ተከተለቻት።

ቫዮሊን ተጫዋቿ ዓይኗን ጠረገች። «አንድም ሰው ሌላውን አላቋረጠም» አለችኝ። ከዚያ ወደ እንሰቱ እያሳየች «ልጅቷ ለምን እዚያ ቆመች? ለምን ሄደች?» አለች።

«ዓይነ አፋር ናት። እናቷም ታማባታለች፣ ጉዞው ይቅርብኝ ብላለች» አልኋት።

አዘነች። ወዲያው ደግሞ ቆጠረች፤ አራት ሴት ቀረን። ሕጉን ልታፈርስ አትችልም። ዞራ አየችኝና «አንቺስ? ዜማዎቹን ሁሉ ታውቂያቸዋለሽ» አለች። እምቢ ማለት ይቻል ነበር። የልጅቷ የፓስፖርት ፎቶ መሳቢያዬ ውስጥ ተቀምጧል፤ እሷ የተነሳችበት ፎቶ ቤት ሄጄ የራሴን ተነሳሁ። ለእኔ አዲስ ትንሽ ዋሽንት ተቆረጠ።

ኖርዌይ ደረስን፤ በእነሱ በጋ ፀሐዩ አይጠልቅም። ሣር ላይ ተቀምጦ የሚሰማን ሕዝብ ሽማግሌ፣ ወጣት፣ ሕፃን ያቀፈ አባት ሁሉ ተቀላቅሎበታል። መድረክ መሪዋ ሁሉም እኩል በክብ ተቀምጦ ከሚወስንበት አገር የመጡ፣ አምስት ሴት አምስት ወንድ ብላ አስተዋወቀችን። ነፋሁ። ተራዬ ሲደርስ አረፍድ ነበር፤ ሽማግሌው ባረፈድሁ ቁጥር ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ሕዝቡ ግን ቆሞ አጨበጨበ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ፤ ውሸት ነው፣ ያደምቃል። ደስ ብሎኝ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ያለኝ ጊዜ ጥቂት ነው።

ከመድረክ ስንወርድ ቫዮሊን ተጫዋቿን ያን ያለፈኝን ጥያቄ ጠየቅኋት። የእነዚያ ዘዋሪ ሙዚቀኞች የልጅ ልጆች እዚህ አሉ? ከመካከላችሁ የትኞቹ ናቸው? አሰብ አደረገች። «እኔ አንድም አላውቅም። ብዙዎቹ ማንነታቸውን ደብቀው ነው የኖሩት» አለችኝና የምንጠጣው ልታመጣ ሄደች።

ከተመለስሁ በኋላ ለወራት በሸክላ ተራ አላለፍሁም። ያገኘኋት በሌላ ቦታ ነው፤ መናኸሪያው አጠገብ፣ ፕላስቲክ ዕቃ ተራ። ባልዲ፣ ጆግ፣ ጀሪካን ትሸጣለች። ገዢው ከእጇ ይቀበላል፣ እሷም ከእጁ ትቀበላለች። ፕላስቲክ የማን ልጅ ሸጠው ተብሎ አይጠየቅም። እኔን ስታይ አልደነገጠችም።

«እናትሽ ደህና ናት?» አልኋት።

«ቤት ናት። እጇ ሥራ ፈቷል» አለች። ከዚያ ባልዲውን በጨርቅ እየወለወለች «መድረክ ላይ ስትነፊ በስልክ አሳዩኝ። የኔን ድምፅ አዘገየሽው» አለችኝ። እትዬ አላለችኝም።

ብዙ ቀን የተዘጋጀሁበት ንግግር ነበረኝ፤ ጠፋብኝ። «ይቅር በይኝ» ብቻ አልሁ፣ ሰው እየሰማ፣ ጮክ ብዬ። ድፍረቴ ለአንድ አፍታ አኮራኝ።

ባልዲውን አስቀምጣ አየችኝ። አልተቆጣችም፤ የማላውቀውን ሥርዓት እንደምታስረዳ ሰው ነበር የተናገረችው።

«በእኛ አገር ይቅር የሚባለው ዱቡሻ ላይ ነው፤ ሣር ይዞ፣ ሰው ሁሉ እያየ። የዋሸሽው እዚያ ነው፣ ይቅርታውም እዚያ ነው። እኔ ደግሞ እዚያ አልገባም።»

ከኋላዬ የቆመችውን ሴት «ጀሪካን ነው የፈለግሽው?» አለቻት።